ያልተተኮሰበት ሽጉጥ

አበርዲን፣ ስኮትላንድ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2012

ለውድ አጎቴ ለኦርሊን፤

ይህ ደብዳቤ ጉልበትህ ሳያምህ፣ ምድጃህ ሳይጠፋ፣ በሰላም ተቀምጠህ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ኢየን እንደ ወትሮው ሁለት ሳምንት የነዳጅ ማውጫው ላይ፣ ሁለት ሳምንት ሶፋው ላይ ነው። ኬርስቲ ቁመቷ ከእኔ በልጧል። እኔም በዓሣ ገበያው ላቦራቶሪ ያው ሥራዬን እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ዓሣ እያሸተትኩ ውዬ ማታ ልጄ እኔን ታሸተኛለች።

ስልክ ደውዬልህ ነበር። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ከአክስቴ ከሜቪስ ቀብር ወዲህ ድምፅህን የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ ነው ያወራኸኝ። እዚያ ራውንድአፕ አልዘነበም። እሺ። እዚህ ዘንቧል። ከዚያ በኋላ ምን እንደምንባባል ጠፋብን።

ስለዚህ ጻፍኩ። ደብዳቤ ላይ ዝም ማለት አይቻልም፤ ወይ ትጽፋለህ፣ ወይ አትጽፍም።

የምለምንህ አንድ ነገር አለ። አባቴ የሠራልኝን ሽጉጥ ሽጥልኝ። አባቴ ሲያጸዳ ባርቆበት ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ይህን ያህል ጊዜ አንተ ጋ አስቀምጠህልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ወደዚህ ላመጣው እንደማልችል ታውቃለህ። እዚህ አገር ሽጉጥ ቤት ውስጥ መያዝ ክልክል ነው። ለጎረቤቶቼ አባቴ በሰው እጅ ልክ ሽጉጥ ይሠራ ነበር ስላቸው፣ ሬሳ ሳጥን ይሠራ ነበር ያልኳቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ጣሪያችን ያፈስሳል። ለዚያ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሰብሳቢዎች ሥራዎቹን ይፈልጓቸዋል ብሎ ጎረቤትህ ሌስተር ጽፎልኝ ነበር፤ ያልተተኮሰበት ከሆነ ደግሞ የጠየቅከውን ይሰጡሃል ብሏል። በኦክቶበር መጨረሻ ቢሊንግስ ከተማ የሚደረገው የመሣሪያ ትርኢት ላይ ውሰደው። ሌስተር በመኪናው ያደርስሃል።

ብቻህን አትብላ። ማለቴ፣ አልፎ አልፎ ሌስተር ቤት ሂድ።

የወንድምህ ልጅ
ሮንዳ


ራውንድአፕ፣ ሞንታና
ኦክቶበር 2

ለወንድሜ ልጅ ለሮንዳ፤

ጌታ ጣሪያሽንም ከጣሪያው በታች ያሉትንም ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቶሎ ያልመለስኩት ወረቀት ስላጣሁ ነው። ወረቀቱ ሜቪስ ያስቀመጠችበት ቦታ ነው የነበረው፤ እኔ ደግሞ ሜቪስ ምን የት እንደምታስቀምጥ አርባ ዓመት ሙሉ ጠይቄ የማላውቅ ሰው ነኝ። ዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ አገኘሁት። ለምን እዚያ እንዳደረገችው አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ስልኩን የማላነሳው በሌላ ምክንያት አይደለም። ኩሽና ሆኖ ይጮኻል፤ እኔ ኩሽና ብዙ አልገባም።

እኔ ደህና ነኝ። ላሞቹን በኦገስት ሸጥኳቸው። ኮርቻዬን ለሌስተር ሴት ልጅ ሰጠኋት፤ እኔ ከተቀመጥኩበት ይልቅ እሷ ስትቀመጥበት ያምርበታል። ውሻው ቲፕም እነሱ ዘንድ ነው። ልጆች አሉ፣ የሚሯሯጥለት ያገኛል። ከእኔ ጋር ያለው ሥራ ፊቴን ማየት ብቻ ነበር። አሁን ቤቱ ሰፋ። ወለሉን ጠረግኩት። ጎተራውንም ጠረግኩት። ሰው ቢመጣ አንድም ነገር ፈልጎ አያጣም።

ሽጉጡ የሜቪስ የስፌት ማሽን መሳቢያ ውስጥ ነው፣ በፍላኔል ጨርቅ ተጠቅልሎ። ከቆዳ ማኅደሩ ያወጣሁት ያኔውኑ ነው። ሰው ጥሩ ሽጉጥ በጥሩ ቆዳ ውስጥ አስቀምጦ ይረሳና ቆዳው የብረቱን ቀለም ይበላበታል። አባትሽ እንዲህ ሆኖ የመጣ ሽጉጥ ሲያይ እንደታመመ ልጅ ያዝንለት ነበር።

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አውጥቼ አየሁት። ብረቱ ላይ ያለው ሰማያዊና ቡናማ አሁንም ከዝናብ በኋላ መንገድ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ነው። አባትሽ ራሱ ከተኮሰበት የሙከራ ጥይት ውጭ አልተተኮሰበትም። መቺውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስትስቢው አራት ጊዜ ቀጭ ይላል፤ ግማሽ ላይ መተው የለም፣ የሚሽከረከረውን የጥይት ቤት ይጭረዋል፤ እስከ መጨረሻው ስበሽ ነው ቀስ አድርገሽ የምትመልሺው። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። በአሥራ አራት ዓመትሽ እርጥብ ሸክላ አስጨብጦሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ? እጀታውን የቀረጸው በዚያ የእጅሽ ምልክት ልክ ነው፤ የተቀረጸበት ቀንድ እኔና እሱ አብረን ካደንነው የተራራ በግ ነው። እኔ ስይዘው ትንሿ ጣቴ ማረፊያ አጥታ አየር ላይ ትቀራለች።

አልሸጥም አላልኩም። እሸጥልሻለሁ። ቢሊንግስ እንሄዳለን። ይህንን ከሸጥኩ በኋላ እዚህ የሚቀረኝ ሥራ ብዙም የለም።

ኢየንን ሰላም በዪልኝ። ኬርስቲንም።

አጎትሽ ኦርሊን


አበርዲን
ኦክቶበር 15

ለአጎቴ ለኦርሊን፤

ሰላምና ጤና ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሥራ ቦታ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ጓንቴን ሳላወልቅ። ወረቀቱ አሁን ዓሣ ዓሣ ይላል።

ቲፕን ለምን ሰጠኸው?

ይህችን መስመር ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ሌላ ነገር ልጽፍ ነበር። ውሻው ያረጀ ነው፣ የሚሯሯጥበት ዕድሜ አልፏል። ከመኪናህ የፊት ወንበር ወርዶ የማያውቅ ውሻ ነው። ምን ሆኖ ነው የሰጠኸው?

ቢሊንግስን አትጠብቅ። ሌስተር ሱቁ ውስጥ ያስቀምጥልኝና ገዢ ሲያገኝ ይሸጠው። ዛሬውኑ፣ ማለቴ ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን፣ ወስደህ ስጠው። በዋጋው አልከራከርም። ኬርስቲ በመጪው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ክፍያው ከባድ ነው፤ ቶሎ እንፈልገዋለን። የሰጡህን ተቀበል።

ስልኩንም እባክህ አንሳ። ኩሽና ግባ። ኩሽና ባትገባ የምትበላው ምንድን ነው?

ሮንዳ


ራውንድአፕ
ኖቬምበር 5

ለሮንዳ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽም ከዓሣ ይረፍ።

ደብዳቤሽ ከትርኢቱ በፊት ደርሶ ነበር። ለሌስተር አልሰጠሁትም። ሌስተር ሱቁ ውስጥ ቢያስቀምጠው ከቢላዋና ከአሮጌ ልጓም ጋር ተደርድሮ ይውላል፤ ያ ደግሞ የአባትሽ ሥራ ቦታ አይደለም። ራሴ ቢሊንግስ ወሰድኩት።

የሆነውን ልንገርሽ። ከሌስተር ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋራን፤ እሱ ቢላዋዎቹን ደረደረ፣ እኔ ፍላኔሉን ዘርግቼ አንድ ነገር ብቻ አስቀመጥኩ። ሌስተር ማንም ባልጠየቀው ሁሉ ያወራል።

«ሠሪው የዚህ ሽማግሌ ወንድም ነው። እንደምታዩት ተቆጥቶ አይደለም፣ ፊቱ እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው።»

«ሌስተር፣ ቢላዋህን ሽጥ።»

«እየሸጥኩ ነው። አንተ ፈገግ ብትል ሁለታችንም እንሸጥ ነበር።»

እኩለ ቀን ገደማ ከአሪዞና የመጣ ፌልፕስ የሚባል ነጋዴ መጣ። ባርኔጣው ከሽጉጡ ሳይወደድ አይቀርም። ግን ሥርዓት ያውቃል። አጎንብሶ ብዙ ካየ በኋላ እጁን ሳይዘረጋ «ይፈቅዱልኛል?» አለ። አዎ አልኩት። አነሳ። «መቺውንስ ልሳብ?» አዎ አልኩት። እስከ መጨረሻው ሳበው፤ አራቱንም ቀጭታ ሰማን፤ በአውራ ጣቱ ይዞ ቀስ አድርጎ መለሰው። ትንፋሹን ለቀቀ። አባትሽን ቨርንን በሕይወቱ አንዴ አግኝቶት ያውቃል፤ ምንም አላወራኝም አለ። አይ፣ ልክ ነው፣ እሱ ነው አልኩት።

ዋጋ ተስማማን። ከመኪናው ቼክ ሊያመጣ ወጣ።

እሱ ከመውጣቱ የቀበቶው ዘለበት የሾርባ ሳህን የሚያህል አንድ ጎረምሳ መጣና ሳይጠይቅ አነሳው። መቺውን ግማሽ ላይ አድርጎ የጥይት ቤቱን በመዳፉ አሽከረከረው፤ እንደ ፊልም፣ ጆሮው ሥር አድርጎ። ከዚያ ከግማሹ ላይ መልሶ ለቀቀውና ደግሞ አዞረው።

«ኧረ ቀስ! ኧረ የሰው ዕቃ ነው!» አለ ሌስተር።

«ምን ሆንክ? ሽጉጥ አይደል እንዴ? ብርጭቆ ነው?»

«ብርጭቆ ቢሆን ይሻልህ ነበር፣ ሲሰበር ይሰማል!»

እኔም መናገር ነበረብኝ፣ ግን ደከመኝ። ልጁ ሲያስቀምጠው አየሁ። በጥይት ቤቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነች መስመር ተጭራለች፤ ብረት በብረት ላይ ተጎትቶ። አባትሽ ያቺን መስመር ላለማየት ነበር ዕድሜውን ሙሉ በሞረድ ላይ ያጎነበሰው።

ፌልፕስ ቼኩን ይዞ ተመለሰ። ማጉያውን አወጣ። መስመሯን አያት።

«ይቅርታ አባቴ፣» አለኝ። «እኔ የምገዛው ያልተነካውን ነው። ይሄ አሁን ሽጉጥ ሆኗል።»

ግማሹን ልስጥህ አለኝ። «ግማሹን ጨምርና ሌላ ባርኔጣ ግዛበት!» አለው ሌስተር። እኔ ፍላኔሉን ጠቀለልኩ።

ስንመለስ ሌስተር መንገዱን ሙሉ ሲሳደብ፣ እኔ ፌልፕስ ያለውን አስብ ነበር። አሁን ሽጉጥ ሆኗል። እስከ ዛሬ ምን ነበር? አሥራ ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ምን ነበር ያስቀመጥኩት?

አሁንም እዚያው ነው። ደክሞኛል፣ ሮንዳ። የእግር ድካም አይደለም፤ የእግር ቢሆን እቀመጥ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሴፕቴምበር ጣሪያ ነበር። በኦክቶበር ትምህርት ቤት ሆነ፣ ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ። ኬርስቲ ግን በሜቪስ ቀብር ቀን ሣሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ በእናንተ አገር የአገሩ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደማይከፍል ነግራኛለች። ዕድለኞች ናችሁ ብያት ነበር።

ስለዚህ ገንዘቡ ለምን ነው?

አጎትሽ


አበርዲን
ኖቬምበር 16

አጎቴ፤

ጣሪያው አያፈስስም። አፍስሶም አያውቅም። ኬርስቲም አትከፍልም። ገንዘቡን አልፈልገውም። ለማንም ስጠው። ዝም ብለህ ስጠው። የሾርባ ሳህን ለታጠቀው ልጅ ስጠው።

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደጀመርኩት አልነግርህም።

አባቴ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ አጽድቶ አያውቅም።

አንተ ባረቀበት አልክ። ቄሱ በቀብሩ ላይ ባረቀበት አሉ። ጋዜጣው ባረቀበት ብሎ አወጣ። ለኢየን ባረቀበት ብዬ ነገርኩት። ኬርስቲ ስትጠይቀኝ ባረቀበት አልኳት፤ በሴፕቴምበር ላንተ ስጽፍልህ እንኳ፣ ላንተ፣ ያንኑ ቃል ጻፍኩት። እጄ ራሱ ለምዶታል። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ አንድ ሽጉጥ ከሥራ ጠረጴዛው ወደ ኩሽና እንዳመጣለት ሲልከኝ፣ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አዙሬ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ብርሃን እንደሚታየኝ ጮክ ብዬ መቁጠር ነበረብኝ። ባዶ መሆኑን እሱ ራሱ ካየ በኋላ። ይህ ሰው ነው የባረቀበት?

በእኛ አገር ይህ ነገር ስም የለውም፤ ያለው ያ አንድ ቃል ነው። ጥሩ ሰዎች ናችሁ፣ ቃሉን ለእኔ ብላችሁ ነው የተናገራችሁት። አውቃለሁ።

አባቴ በሞተበት በጋ ወደ ቤት ስደውል መዶሻዬን ለእገሌ ሰጠሁት፣ ሞረዶቼን ለእገሌ ሰጠሁ እያለ ያጫውተኝ ነበር። ቸር ሆነ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አጎቴ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ደግሞ አንተ ኮርቻህን ሰጠህ። ቲፕን ሰጠህ። ወለሉን ጠረግህ። ሰው ቢመጣ ፈልጎ አያጣም አልክ።

እንዴት ብዬ እንደምጠይቅህ አላወቅኩም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ አይጠየቅም። ስለዚህ ገንዘብ ጠየቅኩህ። የመሣሪያው ሽያጭ ከቤትህ ያስወጣዋል ብዬ አሰብኩ። ሌሎቹም እንዳሉህ አውቃለሁ፤ የአደን ጠመንጃዎችህ፣ ሁሉም። ግን የማዝበት መብት ያለኝ ይህ አንዱ ስለሆነ በእሱ ጀመርኩ።

አሁን ግን በቀጥታ እጠይቅሃለሁ። ራስህን ልትጎዳ እያሰብክ ነው?

መልስልኝ። በስልክ፣ በወረቀት፣ በሌስተር በኩል፣ እንደወደድክ። ዝናብ ግን አትንገረኝ።

ሮንዳ


አበርዲን
ዲሴምበር 7

አጎቴ፤

እስካሁን መልስ የለም።

ደብዳቤው ጠፍቶ ይሆናል። በረዶ ዘግቶ ይሆናል። ስልኩ ይጠራል፤ ስለዚህ አልተቆረጠም፤ ስለዚህ ሒሳቡን ከፍለሃል፤ ስለዚህ ወደ ከተማ ወጥተሃል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የምውለው።

ብትቆጣኝም ባትቆጣኝም፣ ሌስተር ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሌስተርን ታውቀዋለህ፣ ዝም ሲል ስልኩ የተበላሸ መሰለኝ። ከዚያ «ጭሱን አያለሁ፣» አለኝ። በየጠዋቱ በቤትህ በኩል እያለፈ የጭስ ማውጫህን ያያል። ያለ እኔ ጥያቄ ከኦገስት ጀምሮ። ለእሱ መንገዱ አይደለም።

ዛሬ ጠዋትም ጭስ አለ ብሎኛል።

እስክትጽፍልኝ በእሱ ነው የምኖረው።

ሮንዳ


ራውንድአፕ
ዲሴምበር 20

ለሮንዳ፤

የልደቱ ሰላም ከአንቺና ከቤትሽ ጋር ይሁን። ይህን ያልኩት የጻፍነው ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ስለሚጀምር አይደለም።

ደብዳቤሽ አልጠፋም። የጨው ዕቃው ሥር አስቀምጬው ነበር። ጨው በፈለግኩ ቁጥር አየዋለሁ። ስለዚህ ያለ ጨው እበላ ጀመር። ከዚያም ያንን ያህል መብላት ተውኩ። ይህን የምነግርሽ ልብሽን ላደክም ሳይሆን ጊዜው የት እንደሄደ እንድታውቂ ነው።

ለጠየቅሽኝ መልሱ፦ አዎ። አስቤ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የማስበው ምንም ነገር አይደለም፤ እሱ ይብሳል። ሜቪስ ከሄደች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ሳስር ለምን እንደማስረው ይጠፋኛል። ሞት የፈለግኩ አይመስለኝም። ማሰር ነው የሰለቸኝ።

እንግዲህ ጽፌዋለሁ። እጄ አልተቃጠለም።

ሌስተር አንቺ በደወልሽለት ሰሞን መጣ። በሩን ሳያንኳኳ ገባ፤ ቲፕ ከእግሩ ሥር ሾልኮ ወንበሩ ላይ ወጣ። ሌስተር ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ውሻህን መልሼልሃለሁ። ይጮኻል። ልጆቹን አላስተኛ አላቸው።»

«ቲፕ ጮኾ አያውቅም።»

«እኔ ቤት ሲመጣ ተማረ። ማን እንዳስተማረው አትጠይቀኝ፣ እኔ ነኝ የማወራው።» ከዚያ ጣሪያውን አየ፣ ምድጃውን አየ። «ኦርሊን፣ መሣሪያዎችህን ላሞቹ እስኪወልዱ ላቆይልህ?»

«ላም የለኝም እኮ፣ ሌስተር።»

«የእኔ እስኪወልዱ ነዋ።»

«ያንተማ እስከ ሜይ አይጨርሱም።»

«እንግዲህ እስከ ሜይ ነዋ! ሚስቴ እስክታረግዝ አልልህ!»

ሳቅኩ። ከሜቪስ ወዲህ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ቲፕ ቀና ብሎ አየኝ።

ይህን አባባል ታውቂው ይሆናል፣ ወይም ልጅ ሆነሽ ስለወጣሽ አታውቂው ይሆናል። በዚህ አገር ለሰው «ደህና ነህ ወይ» አንልም። «እስኪወልዱ ላቆይልህ» ነው የምንለው። ሰውየው ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ወሳጁም አይናገርም። በጸደይ ተጠርገውና ዘይት ተቀብተው ይመለሱለታል።

እኔም ለአባትሽ ብዬዋለሁ። ይህን አልነገርኩሽም፤ ማንም አልነገረሽም። በዚያ ዓመት በጸደይ መግቢያ ሄጄ አልኩት። አልተከራከረኝም። ራሱ ተሸክሞ ጫነልኝ፤ ቤቱ ውስጥ የነበረውን በሙሉ፣ የአንቺንም ጭምር፣ ይህንኑ። በጥንቃቄ ይዘኸው ሂድ፣ የሮንዳ ነው አለኝ። ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ግን የጠመንጃ ሠሪ ቤት እንዴት ባዶ ይደረጋል? ሰዎች ከአራቱም ማዕዘን ይልኩለታል፤ ይሄን አስተካክልልኝ፣ ይሄን እጀታ ለውጥልኝ ይሉታል። እኔ ወስጄ ስጨርስ የፖስታ መኪናው ያመጣለት ነበር። የሆነው በሌላ ሰው መሣሪያ ነው። የማጽጃ ጨርቁን አጠገቡ ሳይ፣ ለሸሪፉ «ሲያጸዳ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ባርኔጣውን አውልቆ ጻፈው።

ሌስተር ወዳመጣው ቃል ልመለስ። ሁሉንም ጫንለት። መሳቢያው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«እሱንስ?» አለኝ።

«ይሄ የእኔ አይደለም። የሮንዳ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ሮንዳ ቤት አይገባም፣ አንተ ቤት አይቀመጥም፣ ያ አሪዞናዊ አይገዛው!»

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የጥይት ቤቱ የሚንጠለጠልበትን ዘንግ ነቀልኩ። አባትሽ ሲያሳይሽ ያየሽው ነው፤ ከፊት ተስቦ የሚወጣው፣ ከትንሿ ጣትሽ የማይበልጠው። እሱ ሲወጣ የጥይት ቤቱ እጅሽ ላይ ይወድቃል፤ የቀረው ብረት ነው፣ መዶሻ ያህል እንኳ አይሠራም። ከፋብሪካ የሚመጣ ዘንግ ደግሞ አይገባበትም። አባትሽ ቀዳዳውን አስፍቶ ዘንጉን ለዚህ ለአንዱ ብቻ ነው የሞረደው፤ ነፋስ አያስገባም። ስለዚህ ሽጉጡ ሌስተር ዘንድ ነው። ዘንጉ ይኸው፣ በሜቪስ ፍላኔል ቁራጭ ጠቅልዬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ያላንቺ ማንም ሊሸጠውም፣ ሌላም ነገር ሊያደርገው አይችልም።

መስመሯን ላጠፋት አልሞከርኩም። ሌስተር አንድ ሰው ያስወግዳታል አለኝ። ትኑር አልኩ።

ሐሙስ ሐሙስ ሌስተር ቢሊንግስ ወዳለች ሐኪም ይወስደኛል። ከኬርስቲ ብዙ የምትበልጥ አትመስልም። መጀመሪያ ቀን ስቀመጥ ያንኑ ያንቺን ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ጣሪያ ሳታፈስ። አዎ አልኳት። አልደነገጠችም። ክኒንም ሰጠችኝ። ገና ምንም አልተለወጠም። ጫማዬን ግን ቲፕ ስለሚወጣ አስራለሁ።

የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ በርኒስ ይህን ፖስታ ሚዛን ላይ አድርጋ ውስጡ ምንድን ነው አለችኝ።

«አንዲት የብረት ዘንግ።»

«ለምን ትሆናለች?»

«ለብቻዋ? ለምንም።»

«ዋጋዋንስ ስንት ልበል? ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ያለ ዋጋ አያልፍም።»

ከኋላዬ የቆሙት ማጉረምረም ጀመሩ። «ኧረ የሆነ ነገር በል ኦርሊን፣ በዓል ነው፣ ሰው ቆሟል!» አለችኝ። እኔም አንድ ዶላር በዪ አልኳት።

ስልኩን ወደ መኝታ ክፍል አዛውሬዋለሁ። እሑድ ደውዪ። ስለ ዝናብ አላወራም። በረዶ ነው ያለው።

አጎትሽ ኦርሊን


አበርዲን
ጃንዋሪ 9 ቀን 2013

ለአጎቴ ለኦርሊን፤

ሰላም ላንተና ለወንበሩ ባለቤት ለቲፕ።

እሑድ በስልክ ያላልኩህን ልጻፍ። ስለ አባቴና ስለዚያ ጸደይ ያልከውን ኢየን ባሕር ላይ ስለሆነ ለኬርስቲ አነበብኩላት። አለቀስን። ከዚያ ባረቀበት የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት እንደማንናገር ተስማማን።

ዘንጉ ደህና ደርሷል። የአባቴ ሥራ ቤት ዘይት ይሸታል፤ እጄን ዓሣ ነክቶት ስለነበር መጀመሪያ ታጠብኩ። ከቤት ቁልፌ ጋር አንድ ላይ ይዤዋለሁ። ሥራ ላይ ካፖርቴን ስለብስ ኪሴ ውስጥ ይጋጫሉ።

ዋጋውን አንድ ዶላር ብለህ ጽፈሃል። በዚህ ዋጋ አልሸጥም።

የሌስተር ላሞች ወልደው ሲጨርሱ ሜይ ላይ ዘንጉን ይዤ እመጣለሁ። የአውሮፕላን ቲኬቱን ትናንት ገዛሁ፤ ከኬርስቲ ጋር ነን። የእጇን ልክ እጀታው ላይ ማየት ትፈልጋለች።

እስከዚያ ጫማህን እሰር።

ሮንዳ